እናትና ልጅ በተጠባባቂ ዝርዝር

በአየር መንገዱ የወንበር ልብስ ስፌት ክፍል ውስጥ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጠውን ሠራተኛ የሚጠሩት «አዲሱ» ብለው ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም እንዳይመስላችሁ፤ እዚያው የወጣለት ነው። አርባ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ጢሙ ገብስማ ሆኗል፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ሳያደርግ መርፌ ውስጥ ክር አያስገባም። ከግራና ከቀኙ የተቀመጡት ሰፊዎች ልጆቹ ሊሆኑ የሚችሉ ናቸው። ብቻ እነሱ አራት ዓመት፣ ስድስት ዓመት ሠርተዋል፤ እሱ ገና ስድስት ወሩ ነው። አየር መንገድ ውስጥ ዕድሜ የሚቆጠረው ከተወለዱበት ሳይሆን ከተቀጠሩበት ቀን ጀምሮ ነው። ስለዚህ ጢም እንኳ በቅጡ ያላበቀለ ሰፊ «አዲሱ፣ እስቲ መቀሱን» ሲለው ያቀብለዋል። ምን ያድርግ?

ሰውየው ለሙያው ግን አዲስ አልነበረም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሰፈሩ መታጠፊያ ላይ የራሱን ልብስ ስፌት ቤት ከፍቶ፣ የሰፈሩን ልጆች ከአንደኛ ክፍል እስከ ምረቃ ያለበሰ ሰው ነው። የማን ልጅ አንድ ትከሻው ዝቅ እንደሚል፣ የማን እናት «ገና ይረዝማል» እያለች እጅጌ እንደምታስረዝም ሳይለካ ያውቃል። ኋላ የተሰፋ ልብስ በኮንቴይነር እየመጣ በክምር መሸጥ ሲጀምር ሥራው እየሳሳ ሄደ። መጀመሪያ ዩኒፎርም ቀረ፣ ከዚያ ሙሉ ልብስ ማሰፋት ቀረ፣ በመጨረሻ ዚፕ መቀየርና ሱሪ ማሳጠር ብቻ ተረፈው። ቤቱን የዘጋ ቀን ቁልፉን ለአከራዩ አስረክቦ ሲመለስ ለማንም አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው። እንዲህ ያለ ሰው እንደገና መኪና ፊት ተቀምጦ ደመወዝ ሲያገኝ ምን ያህል እንደተደሰተ እኔ ልነግራችሁ አያስፈልግም።

የሙከራ ጊዜውን ሲጨርስ ከሠራተኛ አስተዳደር አንድ ደብዳቤ ደረሰው። ደብዳቤው አራት ገጽ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ሠራተኛው፣ የትዳር ጓደኛውና ወላጆቹ ባዶ ወንበር በተገኘ ጊዜ በዋጋው አንድ አሥረኛ መብረር እንደሚችሉ ይናገራል። እሱ ይህን እንዳነበበ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ቤቱ ከነፈ። የቀሩትን ሦስት ገጾች አላነበባቸውም። ደስታ ዓይን ይጋርዳል። በዚህ እኔ አልፈርድበትም፤ ያስከተለበትን ግን ቆይታችሁ ታያላችሁ።

«እማዬ!» አለ ገና ከበር። «እህትሽ ጋ ልወስድሽ ነው!»

እናቱ አብራው ነው የምትኖረው። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፣ ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ግን ረጅም ነው። ሳህን እያጠበች ነበር። «ማን? አንተ?» አለችው።

«እኔ! ያውም በአውሮፕላን!»

እናቱ ውሃውን ዘጋች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእናቱ ታላቅ እህት የምትኖርበት ከተማ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት፣ በአውቶቡስ ግን ሦስት ቀን ይፈጃል። እናቱ ወገቧን ከታመመች ወዲህ እንኳን ሦስት ቀን ሦስት ሰዓትም አውቶቡስ ላይ መቀመጥ አትችልም። ሙሉ የአውሮፕላን ዋጋ ደግሞ ለእነሱ ቤት የሚታሰብ አልነበረም። እህትማማቾቹ ከተያዩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። እሑድ እሑድ በስልክ ያወራሉ፤ ወሬያቸው ግማሹ ሳቅ፣ ግማሹ «ምን አልሽ? አልሰማሁሽም» ነው። የእህትየው ዓይን ግን ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከዳር ከዳር እየጨለመ መጣ። አሁን ዓለምን የምታየው በቁልፍ ቀዳዳ አጮልቆ እንደሚያይ ሰው ነው። መሐል ላይ አንዲት ጠባብ ብርሃን ቀርታላታለች፣ እሷም በየሳምንቱ ትጠባለች። በስልክ ምስል ለመተያየት ሞክረው ነበር፤ ጨረሩ ዓይኗን ከመውጋት በቀር ምንም አላሳያትም። ሐኪሙ ቢበዛ ሁለት ወር ብሏል። ይህን በተናገረችበት እሑድ እህትየው አላለቀሰችም። «ሌላው ሌላው ይቅር፤ ያንቺን ፊት አንዴ ሳላየው እንዳይዘጋብኝ» ብቻ አለች። የዚያን ቀን እናቱ ምሳ አልበላችም።

በማግስቱ አለቃውን የአምስት ቀን ፈቃድ ጠየቀ። አለቃው ሠላሳ ዓመት የሠራች፣ ሰፊው ሁሉ «እትዬ» እያለ የሚጠራት ሴት ናት። ምክንያቱን ስትሰማ ወዲያው ፈረመችለት። ከዚያ ወደ ሠራተኞች ጉዞ ቢሮ ሄደ። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው ጸሐፊ ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል፣ «ባንድ ላይ ልጻፋችሁ ወይስ ለየብቻ?» አለችው።

«እንዴት ለየብቻ! እናቴ እኮ ናት!» አለ ደረቱን ነፍቶ።

«እሺ፣ ባንድ ላይ» አለችና ጻፈች። እሱም አመስግኖ ወጣ።

ተጠባባቂ ሆኖ መሄድ እንዴት እንደሆነ ለማታውቁት ልንገራችሁ። ትኬት አለህ፣ ወንበር የለህም። አገር ምድሩ ገብቶ እስኪያልቅ በመሳፈሪያው በር አጠገብ ትቀመጣለህ። ሙሉ ዋጋ የከፈለው ሁሉ ከገባ በኋላ የተረፈ ወንበር ካለ፣ ተጠባባቂዎች በአገልግሎት ዘመናቸው ተራ ይጠራሉ፤ ብዙ የሠራ ይቀድማል፣ አዲስ የተቀጠረ ከጭራ ነው። ልብስህ የጸዳ መሆን አለበት፣ ድምፅህ ከፍ ማለት የለበትም፣ ሳይሳካልህ ሲቀርም ፊትህ መጥቆር የለበትም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ብሎ የተረተው ሰው አየር መንገድ ተቀጥሮ ሳይሆን አይቀርም።

ሰኞ ጠዋት እናትና ልጅ በሁለት ሰዓት በሩ ላይ ተገኙ። እሱ ራሱ የሰፋውን ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሷል። እሷ ቡናማ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሹራቧን ደርባ፣ ትንሽ የእጅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። ከመንገድ ጀምሮ እጇን አልለቀቀም።

«አሁን ምንድን ነው የምንጠብቀው?» አለችው።

«ሰው እንዲቀር ነዋ።»

«የቱ ሰው?»

«ከተሳፋሪዎቹ አንዱ። ሁለት ቢሆኑ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። ወይ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ወይ መንገድ ይዘጋበታል…»

እናቱ ዓይኗን አፈጠጠችበት። «ሰው መንገዱ እንዲሰናከልበት ነው ተሰልፈን የምንመኘው?»

«እማዬ፣ እኛ እኮ አላሰናከልነውም!»

«አልመኝም አልኩህ!» ብላ ፊቷን አዞረች። ጥቂት አሰበች። ቆይታ ደግሞ፣ «እንግዲያስ በሰላም በጤና፣ እንዲያው ቤቱ መዋል ደስ ብሎት ሐሳቡን ይቀይር» ብላ ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ጀመረች። አምስቱንም ቀን የጸለየችው ይህንኑ ነው። አንዲት ክፉ ቃል አልጨመረችበትም።

ሰኞ ማንም ሐሳቡን አልቀየረም፤ አውሮፕላኑ ጢም ብሎ ሄደ። ማክሰኞ አንድ ወንበር ተረፈ፣ ፀጉሩ የሸበተ የሞተር መካኒክ ተጠራ። «ተገቢ ነው» አለ ልብስ ሰፊው፤ «ሰውየው ዕድሜውን ሰጥቷል።» ረቡዕም አንድ ወንበር ተረፈ፣ ሦስት ዓመት የሠራች ትኬት ቆራጭ ተጠራች። «እሺ፣ ይሁን» አለ፣ ድምፁ ግን እንደ ማክሰኞው አልነበረም። እናቱ በነዚህ ቀኖች ሁሉ የብረቱ ወንበር ላይ ወገቧን አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እያደላደለች፣ የሚያልፈውን ሰው ጫማ እያየች ትስቅ ነበር።

ሐሙስ እንደገና አንድ ወንበር ተረፈ። የተጠራችው የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ልብስ ሰፊው ያውቃታል። ከእሱ ሁለት ወር ዘግይታ ነው የተቀጠረችው፤ ሥራ በጀመረች ቀን የሠራተኞች ምሳ ቤት የት እንደሆነ ያሳያት እሱ ነው። ልጅቷ ስታልፍ አንገቷን ደፍታ ሰላም አለችው። ዓይኑ እያየ በሩ ተዘጋ።

ተነስቶ ወደ በሩ ሠራተኛ ሄደ። ክራባት ያሰረ፣ ትሁት ወጣት ነበር።

«ወንድሜ፣ ተራው የኔ አልነበረም?» አለው።

«ጋሼ፣ እኔ አልጠራም፤ ኮምፒውተሩ ያወጣልኛል፣ እኔ አነባለሁ» አለ ወጣቱ።

«ኮምፒውተሩ መቁጠር አይችልም ማለት ነው?»

ይህን ሲል ድምፁ ከፍ ማለት ጀምሮ ነበር። የኮቱ ጫፍ ከኋላው ተጎተተ። እናቱ ናት። «ና፣ ና። ሰው እያየን ነው» አለችው በሹክሹክታ። ጥርሱን ነክሶ ተከተላት።

ቤት ሲደርሱ ሚስቱ ሁለቱንም አየቻቸው፣ ቦርሳውንም አየችው። «አየር መንገድ ተቀጥረህ አየሩ ብቻ ደረሰህ?» አለችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር። እናቱን አስቀምጦ፣ ልብሱንም ሳይቀይር፣ በመጣበት እግሩ ወደ ስፌት ክፍሉ ተመለሰ።

ሁሉንም ለአለቃው ነገራት። እሷ የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ክንዷን አስደግፋ ሰማችው፣ ከዚያ መነጽሯን አወለቀች።

«ስንት ሆናችሁ ነው የተጻፋችሁት?»

«ሁለት። እኔና እናቴ።»

«ባንድ ላይ?»

«ባንድ ላይ ነዋ፣ እትዬ!»

የስፌት መኪኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ሰፊዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«አይ አዲሱ» አለች አለቃው፣ ልትስቅ ጀምራ ተወችው። «ሁለት ሰው ባንድ ከተጻፈ ኮምፒውተሩ አይነጥላችሁም። ወይ ሁለት ወንበር፣ ወይ ምንም። አንድ ብቻ ከተረፈ፣ ተራው የናንተ ቢሆን እንኳ ይዘላችሁና ብቻውን ወደተጻፈው ያልፋል። ደብዳቤው ላይ አለ እኮ። እኛ ደግሞ ያወቅህ መስሎን…»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ክፍሉ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እሱ ብቻ ሳያውቀው አራት ቀን ሙሉ እናቱን የብረት ወንበር ላይ ሲያስጠብቅ ከርሟል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውንም ለዚያ ኮምፒውተር የነገረው የለም።

«ታዲያ ሁለት ወንበር ባንዴ የሚተርፈው መቼ ነው?»

«አሁን ሕዝቡ የሚጓዝበት ጊዜ ነው። ትምህርት ቤት እስኪከፈት አትመኘው። ሁለት ወር ጠብቅ።»

ሁለት ወር። ሐኪሙም ያለው ይህንኑ ነበር። ልብስ ሰፊው መቀስ የያዘ ይመስል ጣቶቹን ከፈት ዘጋ አደረገ።

«ለየብቻ አስጽፍ» አለችው አለቃው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እሷን አስቀድማት። ነገ አንድ ከተረፈ ትሄዳለች፤ ሁለት ከተረፈም አብራችሁ ትሄዳላችሁ።»

«አንድ ከተረፈ ብቻዋን?»

«ብቻዋን ነዋ። ያንተ ፈቃድ ነገ ያልቃል።»

ወደ ቤቱ የሄደው በእግሩ ነው። አውቶቡስ መጥቶ ፊቱ ቆሞ ነበር፤ አልተሳፈረም። መንገድ ይርዘምልኝ የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ የዚያን ቀን እንዲያ ነበር።

ሲገባ እናቱ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ወገቧ ላይ ይዛለች። እንዳመማት አንድም ቀን አልነገረችውም። ሲያያት ጠርሙሱን ከትራሱ ሥር ልትደብቅ ሞከረች።

«ምን አሉህ?» አለችው።

«ወንበር ጠፋ አሉ። ጠብቁ አሉን።»

«ጆሮህን ልቀቅና ንገረኝ።»

እውነትም የጆሮውን ጫፍ ይዞ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲዋሽ እንዲህ ነው፣ እናቱም ይህን ምስጢር ለሚስቱ በሠርጋቸው ሳምንት አስረክባታለች። ከዚህ በኋላ ምን ይደበቃል? ቁጭ ብሎ ሁሉንም ነገራት፤ የጸሐፊዋን ጥያቄ፣ የሰጠውን መልስ፣ ያላነበበውን ደብዳቤ።

«ታዲያ ለየብቻ አስጽፈና!» አለች፣ በጣም ቀላል ነገር እንደሆነ ሁሉ።

«እማዬ፣ ብቻሽን አትሄጂም።»

«ለምን?»

«ተሳፍረሽ አታውቂም። ግራ ጆሮሽ አይሰማም። ቀበቶውን ማን ያስርልሻል? መጸዳጃ ቤት ብትፈልጊ በሩ እየታጠፈ ነው የሚከፈተው፣ እኛ እንኳ ግራ ይገባናል። ቢያዞርሽስ? ስትወርጂ ሕዝብ ውስጥ ብትጠፊስ?»

እናቱ ሁሉንም ሰማች። «እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች ቀስ ብላ። «የተፈለገው እኔ እህቴ ጋ መድረሴ ነው ወይስ አንተ እኔን ማድረስህ ነው?»

እውነቱን ለመናገር እሱ ያለመው ሌላ ነበር። በገዛ እጁ በሰፋው ወንበር ላይ እናቱን በመስኮቱ በኩል አስቀምጦ፣ ከጎኗ ሆኖ፣ እሷ ደመናውን ስታይ እሱ ፊቷን ሊያይ ነበር። እህቷ ደጃፍ ላይ ሲደርሱ ደግሞ «ይኸው አመጣኋት» ሊል ነበር። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ስፌት ላይ ጎንበስ ባለ ቁጥር በሆዱ ሲለማመዳት ነው የከረመው።

«ቤቱን ከዘጋሁ ወዲህ» አለ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ለማንም የሚረባ ነገር አላደረግሁም። ይቺን አንዷን እንኳ በእጄ ላድርግልሽ ብዬ ነው።»

እናቱ አልጋውን በመዳፏ መታ መታ አደረገች። የአርባ ሰባት ዓመቱ ሰውዬ ተነስቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«የኔ ጌታ» አለችው። «አውሮፕላኑ ውስጥ የሚያስገባኝ የማን ሥራ ነው? የጎረቤት? እኔ አንተን አላየሁህም ብለህ ነው? ቤቱን ስትዘጋም አይቼሃለሁ። ዝም ያልኩት ዝም ስላልክ ነው።» ከዚያ ደግሞ፣ «መንገድ ስንሻገር እጄን ስትይዝም ዝም የምልህ ላንተው ስል ነው። ሚስትህን ጠይቃት፣ ገበያ ብቻዬን ነው ደርሼ የምመጣው» አለችው።

ሳይወድ በግዱ ሳቀ።

«በል ተነስ፣ ቢሮው ሳይዘጋ ደውል። ዓይኗ እኛን አይጠብቅም» አለችው።

ሊዘጋ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ደወለ። ጸሐፊዋ ጥቂት ከነካካች በኋላ፣ «በቃ፣ ለያይቻችኋለሁ፤ እሳቸው ይቀድማሉ፣ እርስዎ ይከተላሉ» አለችው። ቃሉ አንጀቱን በላው። አመስግኗት ግን ዘጋ፤ ምክንያቱም የእሷ ጥፋት አልነበረም።

ዓርብ ጠዋት የመሳፈሪያው በር እንደ ወትሮው ተጨናንቋል። ልብስ ሰፊው ሰው ሲገባ ይቆጥራል፣ ይሳሳታል፣ እንደገና ይጀምራል። እናቱ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ሁለት ይተርፍ ይሆናል የሚል ተስፋ ነበረው፤ ተስፋ ደግሞ ለማንም አይከለከልም። በመጨረሻ ሰው አለቀና ክራባት ያሰረው ወጣት ማይክሮፎኑን አነሳ። መጀመሪያ አንድ የበረራ ምግብ ቤት ኃላፊ ጠራ፣ ሰውየው ሮጦ ገባ። ወጣቱ ወረቀቱን ዝቅ አድርጎ አየና ሌላ ስም ጠራ።

እናቱ በሕይወቷ ስሟ ከነአባቷ በድምፅ ማጉያ ተጠርቶ አያውቅም። ግራ ጆሮዋ አይሰማም ተብሎ የተፈራላት ሴት ከልጇ ቀድማ ሰማች፣ ከልጇም ቀድማ ተነሳች።

«መጣሁ!» አለች፣ ድምፅ ማጉያው ይሰማት ይመስል።

ልጇ ተከትሏት እየሮጠ፣ «ቀበቶውን ብረቱን ከፍ ስታደርጊው ነው የሚፈታው፣ ጆሮሽን ከደፈነሽ ምራቅሽን ዋጪ፣ ስትወርጂ ሰው ሁሉ ወደሚሄድበት ሂጂ፣ የአክስቴ ልጅ መውጫው ላይ ናት፣ ቢያዞርሽ ሆስተሷን…»

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» አለችና ቆመች። በሁለት እጇ ጉንጮቹን ያዘች፣ ዝቅ እንዲልላት አድርጋም ግንባሩን ሳመችው። በሩ ላይ የቆመው ወጣት ዓይኑን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰ።

«እማማ፣ እጄን ይያዙኝ» አላት ወጣቱ።

«እጅህን ተወው፣ መንገዱን ብቻ አሳየኝ» አለችው።

ሄደች። ከኋላዋ ሲያያት ከቀን ወደ ቀን ምን ያህል እንዳነሰች ገባው፤ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ሰፍቷል፣ እሱ ልብስ ሰፊ ሆኖ ሳለ አላየውም። መታጠፊያው ላይ ደርሳ ተሰወረች። ሌላ ስም አልተጠራም። «ጋሼ፣ አለቀ» አለው ወጣቱ በለሆሳስ። እሱም መስታወቱ ጋ ሄዶ አውሮፕላኑ ወደ ኋላ ተገፍቶ፣ ዞሮ፣ ተንደርድሮ እስኪነሳ ድረስ ቆመ። ትምህርት ቤት የገባ ዕለት በር ላይ ትታው ስትሄድ የተሰማው ነገር ነበር የተሰማው፤ በዚህ ዕድሜው ይመጣብኛል ብሎ አላሰበም።

ቤቱ መሄድ አልፈለገም። ፈቃድ ላይ ነው፣ ሆኖም ስፌት ክፍል ገብቶ መኪናው ፊት ተቀመጠ። ማንም ምንም አልጠየቀውም። አንዱን የወንበር ልብስ ሁለት ጊዜ በተገላቢጦሽ ሰፍቶ ሁለት ጊዜ ተረተረው። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ከአክስቱ ልጅ አጭር መልእክት ገባ፤ «ተቀብያታለሁ፣ ደህና ናት» ይላል። ለአለቃው አሳያት። «ተመስገን» አለችና ፊቷን ወደ ጨርቋ መለሰች፤ መነጽሯ ግን ጉም ጋርዶት ነበር።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ስልኩ ጮኸ። ይዞት ወደ ጓሮ ወጣ። እዚያ ልብሳቸው የተገፈፈ አሮጌ የአውሮፕላን ወንበሮች ተደርድረዋል፤ በአንደኛው አጥንት ላይ ተቀመጠ።

«አየችኝ» አለች እናቱ። ሰላምታም አላስቀደመች።

«እንዴት አየችሽ?»

«በር ላይ፣ ብርሃኑ ጋ አስቀምጣኝ፣ አገጬን ይዛ። ባንዴ አልገባላትም እኮ፣ ቀዳዳዋ ጠባብ ናት። መጀመሪያ ግንባሬን፣ ከዚያ አንድ ዓይኔን፣ ከዚያ ሌላውን። አፌ ጋ ስትደርስ ዓይኔን ትረሳዋለች መሰለኝ፣ ተመልሳ ታያለች። ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። ላለቅስ ስል ደግሞ 'ፊትሽ ይጨማደድብኛል፣ ዝም በይ' ብላ ተቆጣችኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ… 'እናታችንን መሰልሽ' አለችኝ።»

ከጀርባዋ የሆነ ሰው ዕቃ ሲያነሳ፣ አንዲት አሮጊት ስታስል ይሰማል።

«አሁን የምነግርህን ደግሞ በጥሞና ስማኝ» አለች። «መመለሻዬን አታስጽፍ።»

«ለመቼ ልበላቸው ታዲያ?»

«ለመቼም አትበላቸው። ልጇ ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው። ዓይኗ ሲዘጋባት ማን አለላት? በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት።»

ገባው። እናቱ ሰባ አንድ፣ አክስቱ ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ይህ የሳምንት ወይም የወር ነገር አይደለም። አብሯት ሄዶ ቢሆን ኖሮ በአራተኛው ቀን «እንሂድ» ይላት ነበር፣ እሷም ለእሱ ስትል እህቷን በር ላይ ትታ ትነሳ ነበር። ብቻዋን ስለሄደች ግን የራሷን ሐሳብ ራሷ ቆረጠች። ያቺ አልጋ፣ ያ የውሃ ጠርሙስ፣ ማታ ማታ እሷና ሚስቱ ሆነው የሚያሙት ነገር ሁሉ ወደ ዓይኑ መጣ። ልክ እንደሆነች ያውቃል። ልክ መሆኗ ግን አላቀለለለትም።

«ተቆጣህ?» አለችው።

«አልተቆጣሁም።»

«ታዲያ ምን ዘጋህ?»

«እያለቀስኩ ነው፣ እማዬ።»

«ምን አለ?» የሚል የአክስቱ ድምፅ ከሩቅ ተሰማ።

«ያለቅሳል» አለቻት እናቱ።

«ተይው፣ ይውጣለት» አለች አክስቱ።

«አልቅስ የኔ ጌታ» አለች እናቱ ወደ ስልኩ ተመልሳ። «ስልኩ እንደሆነ የእህቴ ልጅ ነው፣ አትሳሳ።»

ሳቁም ልቅሶውም ባንዴ መጣበት። እናቱ እስኪጨርስ ድረስ ስልኩን አልዘጋችውም።